ለእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ የሚደረግ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና፦ ከዋዜማው እስከ ሦስተኛው ወር የማገገሚያ መመሪያ

በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ቶንሲሉ ወጥቶ፣ እንጥሉና የላንቃው ለስላሳ ክፍል ተስተካክሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ቤተሰቡ «ዋናው ነገር አለፈ» ብሎ ይዘናጋል። ታማሚው መዋጥ ስለሚያመው መጠጣት ያቆማል፤ ማስታገሻውን ሕመሙ ሲጸናበት ብቻ ይወስዳል፤ ማንኮራፋቱ ስለቀነሰ ሌሊት ብቻውን በጀርባው ይተኛል፤ በ7ኛው ቀን ደም ሲያይ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። እነዚህ ስሕተቶች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። ማስታገሻው ሲዘገይ መጠጣት ይቀራል፣ መጠጣት ሲቀር ቁስሉ ይደርቃል፣ የደረቀ ቁስል ይበልጥ ያማል፣ ሕመሙ ሲበረታ ደግሞ ትንፋሽን የሚያደክም ብርቱ መድኃኒት ይፈለጋል።

መመሪያው የቶንሲልና የላንቃ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው አዋቂዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። ቀዶውን የሠራው የአንገት በላይ ሐኪም የሰጠዎት ትእዛዝ እዚህ ከተጻፈው የሚለይ ከሆነ የሐኪሙን ይከተሉ። ቀኖቹ የሚቆጠሩት ቀዶው ከተሠራበት ዕለት ማግስት ጀምሮ ነው።

ደረጃ 1፦ ከቀዶው በፊት ቤቱን ያዘጋጁ

1. አስታማሚ ይምረጡ። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያድር ሰው ያስፈልግዎታል። ቀን ሥራ ውሎ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው እንቅልፍ ስለሚጥለው፣ ሁለት ሰዎች ሌሊቱን ተካፍለው ቢጠብቁ ይመረጣል።

2. መኝታውን ከፍ ያድርጉ። ከወገብ በላይ ያለው የሰውነት ክፍል ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ብሎ መተኛት አለበት። ትራስ መደራረብ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ሌሊት ይንሸራተትና አንገትን ወደ ፊት አጥፎ የአየር መንገዱን ያጠብባል። ይልቅስ የታጠፈ ብርድ ልብስ ከፍራሹ ሥር ከራስጌ በኩል ያስገቡና ፍራሹ ራሱ እንዲያዘነብል ያድርጉ።

3. ሲፓፕ፣ ማለትም በእንቅልፍ ጊዜ በጭምብል አየር እየገፋ የአየር መንገዱን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ፣ የሚጠቀሙ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ፤ ከቀዶው በኋላ መቼ እንደሚመልሱትና ግፊቱ መስተካከል እንዳለበትም ይጠይቁ። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ስለሚቆም ለእሱ የሚሆን ባትሪ ያዘጋጁ፤ ባትሪ ካልተገኘ አስታማሚው መብራት በጠፋ ቁጥር ታማሚውን ቀስቅሶ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ።

4. መድኃኒቶቹን ከቀዶው በፊት ይግዙ። በከነማም ሆነ በሌላ መድኃኒት ቤት አንዱ ተገኝቶ ሌላው ሊጠፋ ስለሚችል፣ ፍለጋውን ታማሚው ከተኛ በኋላ መጀመር ተገቢ አይደለም። የሚሟሟ ወይም ፈሳሽ ማስታገሻ ካለ እሱን ያስቀድሙ።

5. የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። አስፕሪንና ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች የመድማት አደጋን ይጨምራሉ፤ ሆኖም ለልብ ወይም ለደም ሥር ሕመም የታዘዙ ከሆነ ያለ ሐኪም ፈቃድ አያቋርጧቸው።

6. የሌሊቱን መንገድ አስቀድመው ይወስኑ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907፣ የከተማው የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 939 ነው፤ ሁለቱንም ከሐኪሙ ስልክ ጋር በወረቀት ጽፈው ከራስጌ ይለጥፉ። ደም ሲፈስ መሄድ ያለብዎት ቀዶው ወደ ተሠራበት ሆስፒታል ነው። እሱ ሩቅ ከሆነ ግን የሚቀርበውን ድንገተኛ ክፍል ይምረጡ፤ ከሜክሲኮ፣ ከልደታና ከፒያሳ ወገን ላለ ሰው ጥቁር አንበሳ፣ ከአራት ኪሎና ከስድስት ኪሎ ወገን ላለ ሰው የካቲት 12 ቅርብ ነው።

ደረጃ 2፦ ከሆስፒታል ለመውጣት አይቸኩሉ

የመጀመሪያው ሌሊት በሆስፒታል ክትትል ሥር ማደር ያለበት ለእንክብካቤ ብቻ አይደለም። የማደንዘዣው ርዝራዥ ገና ከሰውነት አልወጣም፤ የተቀደደው ላንቃ ያብጣል፤ እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ ከ48 እስከ 72 ሰዓታት ውስጥ ስለሚበረታ የትንፋሽ መቆራረጡ ለጥቂት ቀናት ከቀድሞው ሊብስ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ መሆኗ፣ አየሩ የሚሰጠው ኦክሲጅን ከቆላው ያነሰ ስለሆነ፣ ይህን ጥንቃቄ የበለጠ ያጠብቀዋል።

ከመውጣትዎ በፊት አራት ነገሮች መሟላታቸውን ያረጋግጡ፦ ፈሳሽ በአፍ መጠጣት ችለዋል፤ ሽንት ሸንተዋል፤ የአፍ ማስታገሻ ውጠው አልመለሰዎትም፤ ተኝተው ሳለ ያለ ተጨማሪ ኦክሲጅን ተለክተው ሐኪሙ በውጤቱ ረክቷል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ተጨማሪ አንድ ሌሊት ማደር እንደሚሻል ሐኪሙን ይጠይቁ። የአልጋ ክፍያው እንደሚያሳስብ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በእኔ አስተያየት በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ ይህ ነው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሚኒባስ ተሳፍረው አይንገላቱ። የግል መኪና ወይም ታክሲ ይያዙ፤ ከኋላ ወንበር ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ሳህንና ፎጣ ከአጠገብዎ ይኑር።

ደረጃ 3፦ ማስታገሻውን በሰዓት እንጂ በሕመም አይቁጠሩ

ሕመሙ በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል ብለው አይጠብቁ። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ይብሳል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ሕመሙ ወደ ጆሮ ቢሄድ ጆሮው ታሟል ማለት አይደለም፤ ጉሮሮንና ጆሮን የሚያገናኝ ነርቭ ስላለ ነው።

1. ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በቀር አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ሊወስድ ይችላል። ለማስታወስ እንዲቀል ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12 እና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያድርጉት። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ፍሬ፣ አይለፉ። ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች ፓራሲታሞል ስላላቸው ደርበው አይውሰዱ። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ሰው መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

2. የሌሊቱን 6 ሰዓት አይዝለሉ። «ተኝቷል፣ አልቀስቅሰው» ተብሎ የታለፈ መድኃኒት፣ ጠዋት ላይ ምራቅ እንኳ የማያስውጥ ሕመም ሆኖ ይመጣል።

3. መድኃኒቱን ከወሰዱ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይጠጡ፤ ከዚያም ይብሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

4. አይቡፕሮፌንን ሐኪሙ ከፈቀደ ብቻ ይውሰዱ። አስፕሪን አይውሰዱ።

ስለ ትራማዶልና ስለ ኮዴይን፦ ይህን ክፍል ሳይዘሉ ያንብቡ

ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሞርፊን የአንጎልን የመተንፈስ ትእዛዝ ያደክማሉ። ትንፋሹ ለሚቆራረጥ፣ ጉሮሮውም ላበጠ ሰው ይህ እጥፍ አደጋ ነው። ለእኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ኮዴይንንም ሆነ ትራማዶልን ወደ ብርቱ ማስታገሻነት የሚለውጣቸው አንድ የጉበት ኢንዛይም ነው፤ ይህን ኢንዛይም የሚያዘው ዘረ መል በአንዳንድ ሰዎች ተደራርቦ ስለሚገኝ መድኃኒቱን ከሌላው ሰው በላቀ ፍጥነት ይለውጡታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ይህን ዓይነት ተደራራቢ ዘረ መል በመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ላይ አግኝቷል፤ ይህም ከብዙ የዓለም ሕዝቦች እጅግ የላቀ ነው። ስለዚህ «ጎረቤቴ ወስዶት ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ ለእርስዎ አይሠራም፤ ያው ፍሬ በሁለት ሰዎች ሰውነት ውስጥ ሁለት የተለያየ መጠን ያህል ሊሠራ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2013 ቶንሲላቸው ለወጣ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚሁ ችግር ነው።

ከእነዚህ አንዱ ከታዘዘልዎት «የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ አለብኝ፤ ሌላ አማራጭ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሐኪሙ አስፈላጊ ነው ካለ በትንሹ መጠን፣ አስታማሚው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ይጀምሩ። ታማሚው ለመንቃት ከተቸገረ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ ተጨማሪ አይስጡት፤ ቀና አድርገው ያስቀምጡትና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። የእንቅልፍ ክኒን፣ ዲያዜፓም፣ እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒትና ማንኛውም የአልኮል መጠጥ፣ ጠላና ጠጅም ጭምር፣ ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው።

ደረጃ 4፦ ይጠጡ

ወንድሜን ባስታመምኩ ጊዜ በ5ኛው ቀን «አንድ ቀን ልረፍ» ብሎ ከመጠጣት ታቀበ። በማግስቱ ምራቁን መዋጥ አቅቶት በሳህን ሲተፋ አደረ፤ ከዚያም ግሉኮስ ተተክሎለት ነው የተመለሰው። ያን ቀን አንድ ብርጭቆ ውሃ በሰዓቱ ባለመስጠቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ለመጠጣት ያቅዱ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ግን መጠኑን ሐኪምዎ ይወስን። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ይምረጡና ነቅተው ባሉበት ጊዜ ሁሉ በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው አንድ ሁለት ጉንጭ ይጎንጩ። ጠርሙሱ ባለቀ ቁጥር አስታማሚው በወረቀት ላይ ጭረት ያድርግ፤ ማታ ከአራት ጭረት በታች ከሆነ ሌሊቱ አስቸጋሪ እንደሚሆን ይጠብቁ። ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። ትኩስ ሻይና ቡና ለሁለት ሳምንት ይቆዩ። በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ ተልባ ማር ታክሎበት በደንብ ከተጠለለ ጉሮሮውን ያለሰልሳል። ገለባው ውስጡ ከቀረ ግን ቁስሉ ላይ ይጣበቃል።

*የጠጡት በአፍንጫ ከወጣ፦* አይደንግጡ። ላንቃው ስላጠረና ስላበጠ ለጊዜው የአፍንጫውን በር በደንብ አይዘጋም። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጭዎን ትንሽ ወደ ደረትዎ ያቅርቡ፣ ጉንጩን ያሳንሱ፣ ወፈር ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ቀጭን አጥሚት፣ ይሞክሩ። ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከቀጠለ ለሐኪሙ ይንገሩ።

*መጠጣት ፈጽሞ ካቃተዎት፦* ከአንድ ማስታገሻ በኋላ እንደገና ይሞክሩ። ለ8 ሰዓት ሽንት ካልመጣ፣ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ወይም ሲነሡ ካዞረዎት ቤት አይቆዩ፤ በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 5፦ ምግቡን በቀስታ ያሳድጉ

ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን የቀዘቀዘ አጥሚት፣ እርጎ፣ ወተት፣ የተጠለለ የአጥንት መረቅ፣ የአቮካዶ ጭማቂ ይበቃል። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ በርበሬ የሌለው ቀጭን ሽሮ፣ የላመ ድንች፣ ለብ ያለ ገንፎ ያለ በርበሬ፣ በደንብ የበሰለ ቅንጬ ይጨምሩ። እንጀራ ለስላሳ ቢሆንም ኮምጣጣ ስለሆነ ያቃጥላል፤ ከ10ኛው ቀን በኋላ በአልጫ በደንብ ከራሰ በትንሽ ጉርሻ ይሞክሩት።

ለሁለት ሳምንት የሚከለከሉት፦ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የደረቀ ዳቦ፣ ብርቱካንና ሎሚ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም ለጉንፋን የለመድናቸው ቢሆኑም ክፍት ቁስል ላይ እሳት ናቸው። ወቅቱ የፍስክ ካልሆነ የንስሐ አባትዎን ከቀዶው በፊት ያማክሩ። ረመዳን ከሆነም ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ መዋል በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አደገኛ ስለሆነ፣ በሕመም ምክንያት የተፈቀደውን ማፍጠር ይጠቀሙበት።

ጥርስዎን በለስላሳ ብሩሽ ይቦርሹ፣ ወደ ጉሮሮ ግን አያስገቡት። በኃይል አይጉመጥመጡ። «እንጥልህ ወርዷል» ብሎ በጣቱ ሊነካልዎት የሚመጣ ማንም ሰው ቢኖር፣ የሚወዱት ዘመድም ቢሆን፣ አፍዎን አይክፈቱለት።

ደረጃ 6፦ ሌሊቱን በሥርዓት ይጠብቁ

1. ታማሚው ቀና ብሎ ወይም በጎኑ ይተኛ። በጀርባው ዘርጋ ብሎ አይተኛ።

2. አስታማሚው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች በየሁለት ሰዓቱ ይመልከተው። የሚታየው ደረቱ መነሣቱ ብቻ አይደለም፤ አየር በአፍና በአፍንጫው መውጣቱን በእጅ መዳፍ ይለኩ። ደረቱ እየታገለ አየር የማይወጣ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ወዲያው ቀስቅሰው ያስቀምጡት።

3. በጣት ላይ የሚደረግ የኦክሲጅን መለኪያ ካለዎት፣ ከቀዶው በፊት ነቅተው ሳሉ ለክተው ቁጥሩን ይጻፉ፤ ከየትኛው ቁጥር በታች ሲወርድ መምጣት እንዳለብዎትም ሐኪሙን ይጠይቁ። በቀዘቀዘ ጣትና በጥፍር ቀለም ላይ መሣሪያው ስለሚሳሳት ጣቱን አሙቀው ይድገሙት።

4. ሲፓፕ ከተፈቀደ ቀን ቀን ለሚወስድዎት እንቅልፍም ይጠቀሙበት። ጭምብሉ ጉሮሮን ካደረቀ የማርጠቢያውን ውሃ መሙላትዎን ያረጋግጡ፤ ውሃው የተጣራ ይሁን።

ታማሚው ትንፋሽ ሲስብ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ካጠረው እስኪነጋ አይጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን፣ ቅርፊቱ ሲረግፍ

በቁስሉ ላይ የሚታየው ነጭ ወይም ቢጫ ሽፋን መግል አይደለም፤ ቁስሉ የሚድንበት ቅርፊት ነው፤ የአፍ ጠረንም ያመጣል። አይፋቁት። ቅርፊቱ በእነዚህ ቀናት ሲረግፍ ሥሩ ያለው የደም ሥር ሊከፈት ስለሚችል፣ «ተሽሎኛል» ብለው ለመንቀሳቀስ የሚያስቡበት ጊዜና የሚያደሙበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ከባድ ነገር አያንሡ፣ ደረጃ አይሩጡ፣ በጣም ሞቃት ውሃ አይታጠቡ፣ ሆድ ድርቀት ካለ ከማማጥዎ በፊት ማለስለሻ ይጠይቁ። ለማገገም ወደ ገጠር ቤተሰብ መሄድ የተለመደ ቢሆንም፣ ሁለቱ ሳምንታት ሳያልፉ ከከተማው አይውጡ።

*ደም ካዩ፦*

1. ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ወደ ፊት ያዘንብሉ። አይተኙ።
2. ደሙን በሳህን ይትፉ እንጂ አይዋጡ፤ የተዋጠ ደም ያስመልሳል፣ መጠኑንም ይደብቃል።
3. በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ይያዙና ቀስ ብለው ይትፉ። ለዚህ ሲሉ በፔርሙዝ በረዶ ያስቀምጡ፤ መብራት ቢጠፋም ይቆያል።
4. ከምራቅ ጋር የተቀላቀለ ቀጭን የደም መስመር ብቻ ከሆነና ከቆመ ለሐኪሙ ይደውሉና ይንገሩ።
5. ደሙ ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ከበለጠ ወይም ቆሞ ከተመለሰ ወዲያው ይሂዱ። ብቻዎን አይሂዱ፣ ራስዎ አይንዱ፣ በመንገድ ላይ ምንም አይብሉ አይጠጡ፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ይችላል።

የቆመ የሚመስል ደም በእንቅልፍ ጊዜ እየተዋጠ ሊቀጥል ስለሚችል፣ ታማሚው ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ የሚውጥ ከሆነ አስታማሚው አምፖል አብርቶ አፉን ይመልከት። የቡና አተላ የሚመስል ትውከትም ተውጦ የከረመ ደም ነው። ትኩሳቱ ከ38.5 ዲግሪ ካለፈም ይደውሉ።

ደረጃ 8፦ ጠያቂዎችንና ጭስን ይቆጣጠሩ

«እግዜር ይማርህ» ብሎ ለመጣ ሰው ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ንግግሩን አስታማሚው ይረከብ። ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቅ። ጠያቂ ብርቱካን ይዞ መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ቀድመው ሙዝ ወይም እርጎ እንዲያመጡ ያስነግሩ። ቡና ሲፈላ፣ እጣን ሲጤስና ከሰል ሲቀጣጠል ታማሚው በሌላ ክፍል ይሁን፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለማንም ሰው ገዳይ መሆኑንም አይርሱ። ሲጋራ ለታማሚውም ለአጠገቡ ላለውም አይፈቀድም።

ደረጃ 9፦ ወደ ሥራና ወደ ምርመራ ይመለሱ

አብዛኛው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ ሥራው ብዙ መናገርን ወይም ሸክምን የሚጠይቅ ከሆነ የሐኪም ፈቃዱ ሦስት ሳምንት እንዲሆን ይጠይቁ። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት እየወሰዱ ወይም ቀን ቀን እያንጎላጁ መኪና አይንዱ። የድምፅ መለወጥ፣ የጣዕም መቀነስና ጉሮሮ ውስጥ አንዳች ነገር የተቀረቀረ የመምሰል ስሜት ለሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ።

ማንኮራፋት መቀነሱን እንደ መዳን አይቁጠሩት። ላንቃው ስለተስተካከለ ድምፁ ሊጠፋ፣ ትንፋሹ ግን በምላስ ሥር መዘጋቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ሲፓፑን አይሽጡ፣ ለሌላ ሰውም አይስጡ። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የእንቅልፍ ምርመራው እንዲደገምልዎት ቀጠሮ ያስይዙ፤ የቀድሞውን ውጤት ይዘው ይሂዱና ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። እስከዚያ ድረስ አስታማሚው በወር አንድ ሌሊት ነቅቶ ትንፋሹን ያዳምጥ፤ ከ10 ሰከንድ በላይ የሚቆም ትንፋሽ ደጋግሞ ካስተዋለ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ያሳውቅ።